የድንቅነሽ ትከሻ፣ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ

መርካቶ፣ ከሸራ ተራ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። ወጌሻው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ነጋዴው ከቻይና ጫማና ቦርሳ ያስመጣል፤ ዕቃ ሲራገፍ ከመኪና ላይ ተንሸራቶ የእጁን አንጓ ተመቷል። ተማሪዋ በዩኒቨርሲቲ የአጥንት ጉዳት ታጠናለች፤ ወጌሻው ሲሠሩ ለማየት አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች። ጨዋታው የሦስቱ ነው። እኔ የዋጋ ክርክሩንና የስልክ ጥሪውን ቀነስኩ እንጂ ሌላ አልነካሁም።

ወጌሻው፦ እጅህን ልቀቀው። አታጠንክረው። እዚህ ጋ ስነካህ?

ነጋዴው፦ ኧረ በአላህ ጋሼ!

ወጌሻው፦ ወለምታ ነው። አጥንቱ ደህና ነው። ስብራት ቢሆን ኖሮ ወደ ሐኪም ቤት ነበር የምሸኝህ።

ነጋዴው፦ ወጌሻም ወደ ሐኪም ቤት ይሸኛል እንዴ?

ወጌሻው፦ እኔ እሸኛለሁ። ቀርከሃ ሰንጥቆ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ማንም ይችላል። ሲያብጥ ግን ማሰሪያው ደም ይከለክላል፤ ጣት ይጠቁራል፤ መጨረሻው መቁረጥ ነው። ስንት ልጅ ከየገጠሩ እንዲያ ሆኖ ይመጣል መሰለህ። ቆይ፣ ሸሚዝህን ገለጥ አድርገው። ይሄ ከትከሻህ ወደ ጉሮሮህ የሚሄደው አጥንት… ልጅ ሳለህ ወድቀሃል አይደል?

ነጋዴው፦ ከበቅሎ ላይ! ስልጤ፣ አያቴ ቤት። ማን ነገረዎት?

ወጌሻው፦ ራሱ ነዋ። መሐሉ ላይ ወፈር፣ ጎበጥ ብሏል። ሳይታሰር የገጠመ ነው።

ተማሪዋ፦ አባባ፣ እኔ ይሄን ለማየት ነው የምመጣው። እኛ በራጅ የምናየውን እርስዎ በአውራ ጣት ያገኙታል። አጥንት ሲሰበር ደም ይረጋል፤ ከዚያ ክፍተቱን ለስላሳ ነገር ይሞላዋል፤ ቀስ እያለ ወደ አጥንት ይለወጣል። መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚያፈሰው፤ ስለዚህ ያብጣል። ትርፉን እያረመ ለዓመታት ይኖራል፤ ግን ሁልጊዜ አይጨርሰውም። የጋሼም አልጨረሰም።

ነጋዴው፦ እንግዲህ ሰውነቴ ሁሉ መዝገብ ነው በሉኛ። ጉምሩክ እንዳይሰማ።

ተማሪዋ፦ የዓሣ ነባሪ አጥንትም የሚነበበው እንዲሁ ነው። የምጽፈው ጽሑፍ አንዱ ምዕራፍ እሱ ነው።

ነጋዴው፦ የምን ዓሣ ነባሪ? ባሕር በሌለበት አገር?

ተማሪዋ፦ ባሕሩ እኛ ጋ ባይኖርም አጥንቱ ሩቅ አይደለም። ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ 17 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የዓሣ ነባሪ ቅሪት ተገኝቷል። ያ ቦታ ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ 620 ሜትር ገደማ ነው። እንስሳው ወንዝ ተከትሎ ገብቶ የቀረ ይመስላል። ያኔ አገሩ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ መሬት የተነሣው በኋላ ነው። ይሄን ግን ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የሚገርመኝ የተጎዱት ናቸው። በድሮ አዳኞች ዘመን ከተያዙት መካከል ስፐርም የሚባሉት ትልልቆቹ የታችኛው መንጋጋቸው ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ የተጠማዘዘ ተገኝቷል። ሆዳቸው ሲከፈት ግን ምግብ ሞልቶታል።

ወጌሻው፦ በተሰበረ መንጋጋ?

ተማሪዋ፦ በተጣመመ መንጋጋ። ገሚሱ እርስ በርስ ሲዋጉ የተሰበረ ነው ይባላል፤ ገሚሱ ከልጅነት የመጣ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ብቻ ጠግበው ነው የተገኙት። ምግባቸውን ለመያዝ መንጋጋው የግድ ላያስፈልጋቸው ይችላል ብለው ሰዎች መጠርጠር የጀመሩት ከዚያ ነው። አያችሁ፣ ስለ ጤነኛው እንስሳ አኗኗር ያስተማረው የተጎዳው ነው።

ወጌሻው፦ ጥሩ ነው። ሌላስ?

ተማሪዋ፦ በፈረንጆች 2007 በሰሜን አላስካ የኢኑፒያት አዳኞች አንድ ቦውሄድ የሚባል ዓሣ ነባሪ ያዙ። በአንገቱና በትከሻው መካከል አጥንት ውስጥ የተሰካ ብረት ወጣ። የሚፈነዳ ጦር ስባሪ ነው። በኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ፣ በ1880 ገደማ የተሠራ ዓይነት መሆኑን የሙዚየም ሰዎች ለዩት።

ነጋዴው፦ በ1880? አዲስ አበባ እንኳ ገና አልተቆረቆረችም!

ተማሪዋ፦ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ያን ብረት ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ ዋኝቷል። የእነዚህ እንስሳት ዕድሜ እንደዚያ ይረዝማል ቢባል ብዙ ሰው የማያምንበት ጊዜ ነበር፤ ያ ስባሪ ማስረጃ ሆነ።

ወጌሻው፦ ይሄ ሁሉ የዳነ ነው። የዳነ አጥንት ይናገራል፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ። ሳይድን የሞተውስ?

(ጥያቄው ለእኔ የጨዋታው ሁሉ ቋጠሮ ነበር። ነጋዴው ግን በዚያው ቅጽበት ስልክ ተደወለለትና ከትራንዚተሩ ጋር ስለ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጨቃጨቅ ጀመር። ሲጨርስ ተማሪዋ ካቆመችበት ቀጠለች።)

ተማሪዋ፦ እሱ ነው ከባዱ። መዳን የጀመረ አጥንት ለማወቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ከዚያ በፊት የሞተ እንስሳ አጥንቱ ላይ ምንም የመዳን ምልክት የለም። የተሰበረው ሲሞት ነው? ከሞተ በኋላ ማዕበል ድንጋይ ላይ ሲያላጋው ነው? ወይስ ሰዎች ሲጎትቱት? ሥጋው እያለ ከሆነ ይለያል። በሕይወት እያለ የተመታ ቦታ ደም ይቋጥራል፤ ሞቶ የተመታ አይቋጥርም። ለዚህ ነው ሬሳ ወደ ዳር ሲወጣ ሐኪሞቹ በቢላና በኤክስካቫተር ጭምር ቶሎ የሚረባረቡበት። ጊዜ ከሄደ ሥጋው ይበሰብሳል፤ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው፤ አጥንት ደግሞ ደም አይዝም።

ወጌሻው፦ መርከብ የመታውንስ በምን ታውቁታላችሁ?

ተማሪዋ፦ ሁለት ዓይነት ነው። ፕሮፔለር የነካው ከሆነ ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ እኩል እኩል የተራራቀ ጉዳት ይተዋል፤ አጥንት ድረስ ከገባ አጥንቱም ላይ ያው ይታያል። ሁለተኛው በመርከቡ አፍንጫ መመታት ነው። ይሄ ከላይ ሲታይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ቆዳው ሳይቀደድ ቅሉ፣ መንጋጋው፣ የጀርባው አጥንት ውስጡን ይደቃል። በ1998 መጋቢት ላይ በሮድ አይላንድ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደብ ሲደርስ አፍንጫው ላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ተጋድሞ ተገኘ። 20 ሜትር የሚሆን፣ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ወንድ። መርከበኞቹ ተሸክመውት እንደመጡ አላወቁም ነበር።

ነጋዴው፦ 20 ሜትር ተሸክሞ የማያውቅ?

ተማሪዋ፦ መርከቡ ምን ያህል ነው ብለው ነው ጋሼ? የእርስዎ ኮንቴይነር የሚመጣበት ሦስት መቶ ሜትር አይበልጥም እንዴ? አጥንቱ ዛሬ በኒው ቤድፎርድ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። የዓሣ ነባሪ አጥንት ዘይት ይይዛል፤ ከተሰቀለ ከስንት ዓመት በኋላም ጠብ ጠብ ይላል፤ ሙዚየሙ ዕቃ ደቅኖ ያጠራቅመዋል። እዚያው አጠገቡ አንዲት እናት አለች። ፈረንጆች ራይት ዌል ከሚሏቸው ናት፤ በሰሜን አትላንቲክ የቀሩት አራት መቶ አይሞሉም። በ2004 ኅዳር በቨርጂኒያ ባሕር መርከብ ሲመታት እርጉዝ ነበረች፤ የፅንሱም አጥንት ከእሷ ጋር ተሰቅሏል።

ወጌሻው፦ እርጉዝ?

ተማሪዋ፦ ከዚያ የባሰ አለ አባባ። ሌላዋ በ1991 ግልገል ሳለች ፕሮፔለር ጀርባዋን ቆራርጧት ነበር። ዳነች። ጠባሳዋን አይተው ሰዎቹ ዕድለኛዋ ብለው ስም አወጡላት። አድጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አርግዛ፣ ሆዷ ሲሰፋ የድሮው ጠባሳ ተከፈተ። መግል ያዘ። በ2005 ጥር ሞተች።

ወጌሻው፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ጠባሳ አይለጠጥም። ይሄን ማንም ወጌሻ ያውቃል። የዳነ ሁሉ እንደ ድሮው አይሆንም።

ነጋዴው፦ እሺ፣ ልክ ነው፣ ያሳዝናል። ግን እኔ ልጠይቅ። መርካቶ ውስጥ ያለው ዕቃ በምን መጣ? እነዚያ ፎቆች ሁሉ፣ ይሄ ፋሻ እንኳ፣ ጋሼ የሚቀቡኝ ቅባት ጭምር፣ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ነው። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገባው በዚያ ነው። ለዓሣ ነባሪ ብላችሁ መርከብ ልታቆሙ ነው?

ተማሪዋ፦ ማንም ይቁም አላለም። ቀስ ይበል ነው። ካናዳ ውስጥ አንጄሊያ ቫንደርላንና ክሪስቶፈር ታጋርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የተመዘገቡ ግጭቶችን ሰብስበው በ2007 አስልተውታል። መርከቡ ዓሣ ነባሪዋን በ15 ኖት ከመታት የመሞት ዕድሏ 79 በመቶ ነው። ወደ 8.6 ኖት ሲወርድ 21 በመቶ ይሆናል። አሜሪካኖች ከ2008 ታኅሣሥ ጀምሮ በምሥራቅ ጠረፋቸው፣ እንስሳቱ በሚገኙበት ቦታና ወቅት፣ ትልልቅ መርከብ ከ10 ኖት በላይ እንዳይሄድ ከለከሉ። 10 ኖት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው።

ነጋዴው፦ የኔ ዕቃ አትላንቲክ አይሄድም። ከጓንግዡ ነው የሚነሣው።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ መንገዱን እንከተለው። በማላካ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲመጣ ስሪላንካን በደቡብ በኩል ታክኮ ነው የሚያልፈው። እዚያች የደሴቲቱ ጫፍ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ይመገባሉ። ከዓለም እጅግ የተጨናነቁ የመርከብ መንገዶች አንዱ በመሐላቸው ነው የሚያልፈው። በ2022 ኤምኤስሲ የተባለው የመርከብ ድርጅት በፈቃዱ መርከቦቹን ወደ ደቡብ ወደ 15 የባሕር ማይል አሸሻቸው። ሁሉም እንዲያ ቢያደርጉ የግጭቱ አደጋ እስከ 95 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተሰልቷል።

ነጋዴው፦ 15 ማይል?

ተማሪዋ፦ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመርካቶ እስከ ዱከም እንኳ አያደርስም።

ነጋዴው፦ እሱማ ምንም አይደለም! ለ28 ኪሎ ሜትር ማን ይጣላል? ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ቀን ቢቆም የማጣው ይበልጣል። እኔን ያስፈራኝ የፍጥነቱ ነገር ነው። ፍጥነት ቀነሰ ማለት ቀን ጨመረ ነው፤ ቀን ጨመረ ማለት ብር ነው፤ ብሩን ደግሞ መርከቡ አይከፍለውም፤ እኔም አልከፍለውም፤ የምትከፍለው ጫማውን የምትገዛው ሴትዮ ናት።

(እዚህ ላይ ነጋዴው ልክ ነበር እላለሁ። ሌላ ጊዜ ስንሰማው የኖርነው ጭቅጭቅ ሁሉ ዓሣ ነባሪ ወይስ ንግድ የሚል ነው፤ እሱ ግን በአንድ ትንፋሽ ዋጋው ትንሽ የሆነውን ለየና ተቀበለ፣ ዋጋው ከባድ የሆነውን ለየና ተከራከረ። ተማሪዋም አልመለሰችለትም።)

ወጌሻው፦ የኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሥጋው ከሌለ፣ ደሙ ከሌለ፣ አጥንቱ ብቻ ሲቀር፣ ሲሞት ነው የተሰበረው ወይስ በኋላ ብላችሁ እንዴት ትፈርዳላችሁ?

ተማሪዋ፦ ለዚህ አትላንቲክ መሄድ አያስፈልገንም አባባ። የዓለም ትልቁ ክርክር ያለው እዚሁ ነው፤ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ብሔራዊ ሙዚየም።

ነጋዴው፦ ድንቅነሽ?

ተማሪዋ፦ ድንቅነሽ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ዮሐንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ያገኟት። ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። ከአጥንቷ አርባ በመቶ ያህሉ ነው የተገኘው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከምናምን፤ ክብደቷ ሃያ ሰባት ኪሎ ቢሆን ነው። እንዴት ሞተች የሚለውን ለአርባ ዓመት ብዙም ያነሣው አልነበረም። አሜሪካ በዞረች ጊዜ፣ በፈረንጆች 2008፣ ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀን ሲቲ ስካን አደረጋት፤ ከ35 ሺህ በላይ ምስል ወጣ። ጆን ካፕልማን የሚባለው ተመራማሪ ምስሎቹን ሲያይ የቀኝ ክንዷ የላይኛው ጫፍ፣ ትከሻ ላይ የሚገባው፣ እርስ በርሱ ተጋጭቶ የተሰባበረ ነው። ስንጥሮቹ ከቦታቸው ሳይወጡ ሹል ሹል እንዳሉ አሉ።

ወጌሻው፦ አይተሽዋል?

ተማሪዋ፦ ምስሉን። ካፕልማንም ይዞ ወደ አጥንት ሐኪም ሄደ፤ ስቲቨን ፒርስ ይባላል። ሐኪሙ በሥራው የሚያየው ዓይነት ስብራት ነው አለ፤ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ሊያተርፍ ሲሞክር የሚመጣ።

ወጌሻው፦ አውቀዋለሁ! የግንባታ ሠራተኞች። ከባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ሲወድቁ እጃቸውን ይዘረጋሉ። አንጓው ቢተርፍ ትከሻው አይተርፍም። ኃይሉ ክንዱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና እዚያ ይፈነዳል።

ተማሪዋ፦ በትክክል። ትከሻዋ ብቻ አይደለም፤ የቀኝ ቁርጭምጭሚቷ፣ የግራ ጉልበቷ፣ ዳሌዋ፣ የመጀመሪያዋ የጎን አጥንቷም ተሰብሯል ብለው ጻፉ። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፍስሃ ናቸው። ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ዛፍ ወደቀች፤ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መሬት መታች፤ መጀመሪያ በእግሯ፣ ከዚያ በእጆቿ። የመዳን ምልክት አንድም የለም፤ ስለዚህ ያኔውኑ ሞተች።

ነጋዴው፦ የሰው ዘር እናት ከዛፍ ወድቃ ሞተች? ይሄን ለቱሪስት ትነግሩታላችሁ?

ወጌሻው፦ እኔ አምኛለሁ። ያ ስብራት የመውደቅ ነው።

ተማሪዋ፦ ዮሐንሰን ግን አላመነም። ቲም ኋይትም እንዲሁ። ኋይት በአዋሽ ሸለቆ ለአሥርት ዓመታት የቆፈረ ሰው ነው። የእነሱ መከራከሪያ ይሄ ነው፦ ሐዳር ላይ የተገኘ የሚዳቋም፣ የአውራሪስም፣ የዝሆንም አጥንት ተመሳሳይ ስንጥቅ አለው። ዮሐንሰን በቀልድ መልክ ነው የመለሰው፤ ዝሆን ከዛፍ ወድቋል ማለት ያስቸግራል ብሎ።

ነጋዴው፦ (እየሳቀ) እሱስ እውነቱን ነው!

ወጌሻው፦ ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ምን ሰበራቸው?

ተማሪዋ፦ መሬቱ። ሦስት ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ደለል በላያቸው ሲከመር፣ ሲረጥብ ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ። ሬሳው ገና ሳይቀበር መንጋ ይረግጠዋል። ጅብ ይነክሰዋል። ድንቅነሽ ራሷ ከዳሌዋ አጥንት ላይ የአዳኝ አውሬ ጥርስ ምልክት አላት፤ ያ በፊትም ይታወቅ ነበር።

ወጌሻው፦ ግን እርጥብ አጥንትና ደረቅ አጥንት ይለያያል። እርጥብ ቀርከሃ ስትሰብረው ይጎብጣል፣ ስንጥር ስንጥሩ ተያይዞ ይቀራል። የደረቀው ቀጭ ብሎ ይወርዳል።

ተማሪዋ፦ የካፕልማን መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ስንጥሮቹ ከቦታቸው አለመውጣታቸው አጥንቱ እርጥብ ሳለ፣ የትከሻው ማሰሪያና ሥጋው ይዞት ሳለ መሰበሩን ያሳያል ነው የሚለው። ግን ያስተውሉ አባባ፣ አጥንት በሞት ቀን አይደርቅም። ሬሳው ከወደቀ ከሳምንታት በኋላም ገና እርጥብ ነው። በዚያ መሐል ዝሆን ቢረግጠው? እርጥብነቱ ስለ ሰዓቱ ይነግረናል፤ የሰባሪውን ማንነት አይነግረንም።

ወጌሻው፦ (አውራ ጣታቸውን የነጋዴው ትከሻ ላይ አድርገው) እንግዲህ የዚህ አጥንት የዳነ ስለሆነ እርግጠኛ ነኝ። ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ኖረ። የእሷ ግን…

ተማሪዋ፦ እሷ አልኖረችበትም። ለዚህ ነው የኔን ጽሑፍ በድንቅነሽ የማልጀምረው። የሚጓጓው ሁሉ አጥንት ሞትን እንዲነግረው ነው፤ አጥንት ደግሞ ጎበዝ ምስክር የሚሆነው ለኖረበት ነገር ነው። የመጨረሻዋን ደቂቃ ስትጠይቁት ሌላ ምስክር ጥሩ ይላችኋል፦ ደም፣ አፈር፣ የጎረቤት አጥንት።

ነጋዴው፦ ሌላም አጣልቷችኋል በአገራችን አጥንት?

ተማሪዋ፦ ድምፅ የሌለው ጦርነት ነው ጋሼ። ዲኪካ፣ ሰላም የተባለችው ሕፃን የተገኘችበት፣ በፈረንጆች 2009 ከ3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ የእንስሳት አጥንቶች ላይ ጭረት ተገኘ። የእነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በዓመቱ ድንጋይ ይዞ ሥጋ የቆረጠ ሰው ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ቀደም ሲል ከሚታወቀው የድንጋይ መሣሪያ በብዙ መቶ ሺህ ዓመት የሚቀድም ነው ማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ አሸዋ ላይ የተረገጠ አጥንትም እንዲሁ ይጫራል አሉ። በ2017 ዮናታን ሳህሌ ከባልደረቦቹ ጋር የአዞ ጥርስም ተመሳሳይ ምልክት እንደሚተው አሳየ።

ነጋዴው፦ አዞ!

ተማሪዋ፦ የማያጣላም አለ። ቦዶ ላይ በ1976 የተገኘው 600 ሺህ ዓመት ያለው የራስ ቅል፤ ቲም ኋይት ጭረቶቹን መርምሮ ፊቱና ግንባሩ ላይ ሥጋው በድንጋይ ስለት ተገፏል አለ፤ እሱን ብዙ ሰው ተቀብሎታል። ኸርቶ ላይ የተገኘው የሕፃን ቅልም፣ ብርሃኔ አስፋው ያገኙት፣ 160 ሺህ ዓመት ገደማ፣ ተገፎ፣ ላዩም በእጅ ብዛት ተወልውሎ ለስልሷል። ማን፣ ለምን ይሄን እንዳደረገ አጥንቱ አይልም። መደረጉን ግን ማንም አይክድም።

ወጌሻው፦ ለሕፃን ራስ ቅል እንዲህ የሚያደርግ ሰው ያፈቀረው ነው ወይም የፈራው።

ተማሪዋ፦ ይሄ እንግዲህ የእርስዎ ግምት ነው አባባ። ልጽፈው አልችልም።

ወጌሻው፦ አትጻፊው።

ነጋዴው፦ እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ድንቅነሽ የራሷ አጥንት ብቻ ናት? ከአንድ ቦታ የተለቀመ፣ ብትንትኑ የወጣ ነገር ሁሉ የአንድ ሰው መሆኑን ማን አረጋገጠ? እኔ ካርቶን ስፈታ እንኳ የሌላ ሰው ጫማ ተቀላቅሎ አገኛለሁ።

ተማሪዋ፦ (እየሳቀች) ጋሼ፣ እርስዎ ሙዚየም መቀጠር አለብዎት። በ2015 ተመራማሪዎች የጀርባ አጥንቶቿን እንደገና ሲገጣጥሙ አንዷ ትንሽ ስባሪ አልገጥም አለች። መረመሯት። የጥንት ጭላዳ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ከድንቅነሽ ጋር ቆጥረናታል።

ነጋዴው፦ አላልኳችሁም! ጭላዳ!

ተማሪዋ፦ አንዷ ስባሪ ብቻ። የቀረው የራሷ ነው።

ወጌሻው፦ እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። እኔ አንቺ ስትነግሪኝ የወደቀች ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። ስለ ሚዳቋዋ ስትነግሪኝ ግን እጄን አነሣሁ። አሁን ትከሻዋን በጣቴ ካልዳሰስኩ አልፈርድም። ሙዚየሙ ያስነካናል?

ተማሪዋ፦ እውነተኛው አጥንት ካዝና ውስጥ ነው አባባ፤ ሰው የሚያየው ቅጂውን ነው። ግን ያ ጽሑፍ ሲወጣ ሙዚየሙ የትከሻዋንና የጉልበቷን ስካን ለሕዝብ ለቀቀው። ማንም አውርዶ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ አሳትሞ ራሱ እንዲፈርድ።

ነጋዴው፦ ይህማ ቀላል ነው! ፋይሉን ላኪልኝ። ጓንግዡ ያለው ወኪሌ በአንድ ቀን ያሳትመዋል፤ እኔ ራሴ በሻንጣ አመጣዋለሁ። መርከብ እንኳ አያስፈልገውም፣ ዓሣ ነባሪም አይሞትም።

ወጌሻው፦ ስንት ይፈጃል?

ነጋዴው፦ ለእርስዎ በነጻ ጋሼ፤ ለወለምታው።

ወጌሻው፦ እሺ። ግን የእሷን ትከሻ ብቻ እንዳታመጣልኝ። ከዚያው ሐዳር የወጣ የሚዳቋ ትከሻም፣ የተሰነጠቀውን፣ አብሮ ይታተም።

ተማሪዋ፦ የሚዳቋው ፋይል ከዚያ ጋር የለም አባባ። ፈቃድ ጠይቆ ከሙዚየሙ ክምችት ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ቀጠሮ…

ወጌሻው፦ ጻፊያ። እኔም እፈርምበታለሁ። የድንቅነሽ ብቻ ከመጣ አትጥሩኝ።